ያቺን አንዲት ሰዓት ማስጻፍ

«የማልረሳው ቀን» በሚል ርእስ አንድ ገጽ ተኩል ጻፉ ብሎ ለዘጠነኛ ክፍል የሰጠ የአማርኛ መምህር ምን እንደሚመለስለት ያውቀዋል። «እኔ የተወለድኩት በሰሜን ሸዋ ዞን በእንዲህ ወረዳ በእንዲህ ቀበሌ ሲሆን፣ ለወላጆቼ ሦስተኛ ልጅ ነኝ።» ቀጥሎ አንደኛ ደረጃን የት እንደተማረ ይነግረናል። ቀጥሎ «በሰው ልጅ ሕይወት ውስጥ የማይረሱ ብዙ ነገሮች አሉ» ይላል። ማሳረጊያው «ከዚህ የተማርኩት ነገር ቢኖር» ነው። ያ የማይረሳ የተባለው ቀን በመሃል ሁለት መስመር ያገኝ ይሆናል። ጅብ በረቱን ጥሶ የገባበት ሌሊት፣ ልጁ ዱላ ይዞ በሩ ላይ የቆመበት ሌሊት፣ «ብዙ ችግር አሳለፍን» ተብሎ ታልፏል።

ልጆቹን ሰነፍ ማለት ትክክል አይመስለኝም። ይህ ቅርጽ ከየት እንደመጣ ማሰብ ይሻላል። አብዛኞቹ ስለ አንድ ሰው ሕይወት ተጽፎ ሲነበብ የሰሙት ቀብር ላይ ነው። ከአባታቸው ከእገሌ፣ ከእናታቸው ከእገሊት ተወለዱ፤ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ትምህርት ቤት ገቡ፤ ደግና ሰው አክባሪ ነበሩ። «ስለ ራስህ ሕይወት ጻፍ» ሲባል ልጁ የሚያውቀው ቅርጽ ይኼው ነውና የራሱን የሕይወት ታሪክ እንደ ሟች አድርጎ ይጽፈዋል። በዚያ ላይ መጽሐፉ ተራኪ፣ ስዕላዊ፣ ገላጭ፣ አመዛዛኝ ብሎ አራት ዓይነት ድርሰት ያስተምረዋል፤ መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያም ይሰጠዋል። የት ይጀመራል፣ ምን ይተዋል፣ ምን ላይ ይቆማል የሚለውን ግን የሚያሳየው የለም። እሱን ማሳየት የእኛ ሥራ ነው፤ መሣሪያውም ከቀይ እስክሪብቶ ይልቅ ጥያቄ ነው።

ከርእስ እንጀምር። ለክፍሉ ሁሉ አንድ ርእስ አትስጡ፤ ዝርዝር አሠሩ። ሰሌዳው ላይ ስምንት መነሻ ይጻፍ፤ ለምሳሌ፦ ሰውነትህ ላይ ያለ ጠባሳ፤ የሰው ዕቃ የጠፋብህ ቀን፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻህን የተላክህበት መንገድ፤ አንድ ሰው የተናገረህና እስካሁን የምታስታውሰው ቃል፤ ውሸትህ የተነቃበት ቀን፤ ከአንድ ቀን ወዲያ መብላት ያስጠላህ ምግብ፤ ቤታችሁ ማንም የማይቀመጥበት መቀመጫ፤ አንተ አውቀኸው ቤተሰብህ የማያውቀው ነገር። ልጆቹ በ10 ደቂቃ ውስጥ ቢያንስ 12 መስመር ይጻፉ፤ አንዱ መስመር ከአምስት ቃል አይብለጥ። «ጠባሳ፣ ማጭድ፣ ግራ ጣት» ይበቃል። ጠባሳ የሌለው ልጅ በጣም ጥቂት ነው፤ እያንዳንዱ ጠባሳ ደግሞ ቀን አለው፣ ቦታ አለው፣ የጮኸ ሰው አለው። ለዚህ ነው ከስምንቱ ጠባሳን የማስቀድመው።

ከዝርዝሩ አንዱን ለመምረጥ ሦስት ጥያቄ ይበቃል። ነገሩ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያለቀ ነው? እዚያ ማን ነበር? እጅህ ላይ ምን ይዘህ ነበር? ሦስቱንም መመለስ ካቃተው ያ መስመር ይሰረዝና ሌላ ይመረጥ። «የልጅነት ሕይወቴ» ወይም «የአያቴ ደግነት» ብሎ የመረጠ ልጅ እጁ ላይ ምን እንደያዘ መመለስ አይችልም፤ ያኔ ርእሱ ገና ሰፊ መሆኑን ራሱ ያየዋል። የአያትን ደግነት መጻፍ የፈለገ ልጅ ደግነቱ የታየበትን አንዱን ከሰዓት በኋላ ያምጣ።

ከመጻፍ በፊት ማስተረክ ግድ ነው። ልጆቻችን ሲያወሩ ጎበዝ ናቸው፤ እስክሪብቶ ሲይዙ ነው ሌላ ሰው የሚሆኑት። በአንድ ዴስክ የተቀመጡት ተራ በተራ ለሦስት ደቂቃ ይተርኩ። የሚሰማው ልጅ አስተያየት አይሰጥም፤ «ጥሩ ነው» ማለትም አይፈቀድለትም። የሚፈቀድለት ሦስት ጥያቄ ነው፤ በ«የት»፣ በ«ምን» ወይም በ«ማን» የሚጀምር። «ለምን» ለጊዜው ይከልከል። «ለምን» ማብራሪያ ይጠራል፣ ማብራሪያው ምክር ይጠራል፣ ወዲያው «ከዚህ የተማርኩት» ላይ እንደርሳለን። ተራኪው የተጠየቀውን ሦስቱን ጥያቄ ደብተሩ ላይ ይጻፍ፤ ድርሰቱ እነዚህን መመለስ አለበት። ስድሳ ልጅ በአንድ ጊዜ ሲያወራ ክፍሉ ይጮኻል። ይጩኽ፤ ርእሰ መምህሩ ቀድሞ ይነገረው እንጂ።

ረቂቁ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ይጻፋል። 25 ደቂቃ፣ ያለ ላጲስ፣ ያለ መሰረዝ። ደብተሩን ሲከፍቱ በቀኝ በኩል ባለው ገጽ ላይ ብቻ ይጻፍ፤ የግራው ባዶ ይቀመጥ። ይህ ወረቀት ማባከን ይመስላል፤ ግን የኋላው ማሻሻያ ሁሉ የሚገባው እዚያ ባዶ ገጽ ላይ ነው። ቦታ የሌለው ልጅ አይጨምርም፤ አንድ ቃል ሰርዞ ሌላ ቃል ይተካና «አሻሽያለሁ» ይላል።

አሁን አንዱን ጠጋ ብለን እንየው። ከወረዳ ከተማ ቤት ተከራይተው የሚማሩ የገጠር ልጆች ብዙ ናቸው፤ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ስንቅ ከቤት ያመጣሉ። እነሱ የሚጽፉትን ዓይነት አንድ አንቀጽ ለማሳያ ያህል አዘጋጅቻለሁ፦

«የገጠር ልጅ በመሆኔ ለመማር ብዙ ችግር አሳልፌአለሁ። ወላጆቼ ብዙ መሥዋዕትነት ከፍለውልኛል። በየሳምንቱ ስንቅ ይዤ ረጅም መንገድ በእግሬ እጓዝ ነበር። አንድ ቀን ስንቄ መንገድ ላይ ተበላሸብኝ። በጣም አዘንኩ። ቢሆንም ተስፋ ሳልቆርጥ ትምህርቴን ቀጠልኩ።»

ሰዋስው የሚነካ ስሕተት የለበትም። ቀይ እስክሪብቶ የያዘ መምህር «ጥሩ» ብሎ 7 ከ10 ሊሰጠው ይችላል። የጠየቀ መምህር ግን «አንድ ቀን» በሚለው ሥር ያሰምርና በግራው ገጽ ላይ ይጽፋል፦ ስንቁ ምን ነበር? በምን ተያዘ? የት ቦታ? ማን ነበር ያሰረው? ሲያስረው ምን አለህ? ያኔውኑ በእጅህ ምን አደረግህ? ልጁ ሲመልስ እንዲህ ያለ ነገር ይመጣል፦

«በሶው በጨርቅ፣ ሽሮው በላስቲክ ነበር። እቴቴ ሁለቱንም ማዳበሪያ ውስጥ ከትታ አፉን በጓሳ ገመድ አሰረችው። ‹ወንዙ ጋ እንዳታወርደው› አለችኝ። ወንዙ ጋ አወረድኩት። ጫማዬን ላወልቅ ጎንበስ ስል ማዳበሪያው ከድንጋዩ ላይ ቀስ ብሎ ተንሸራተተ። ስደርስበት ግማሹ ውኃ ውስጥ ነው። በሶው ሊጥ ሆኗል። እዚያው ቁጭ ብዬ በእጄ እየዛቅኩ በላሁ። የሳምንቱን መብላት ፈልጌ ነበር፤ ሦስት እፍኝ ላይ ሆዴ እምቢ አለ። ቅዳሜ ስመለስ እቴቴ ‹ስንቁ በቃህ?› ስትለኝ ‹ተርፎኛል› አልኳት።»

«አዘንኩ» የሚል ቃል የለም፤ አንባቢው ግን ያዝናል። «ችግር» የሚልም የለም። ከሁሉ በላይ «ተበላሸብኝ» የሚለው ግስ ጠፍቶ «አወረድኩት» መጥቷል። እናቱ አታውርደው ብላው ያወረደው እሱ ነው። ድርሰቱ ሕይወት የዘራው እዚያች ቃል ላይ ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው ውሸት ደግሞ ሁለት መስመር ምክር የማይሠራውን ሠርታለች፤ ልጁ እናቱን ምን ያህል እንደሚያስብላት ራሱ ሳይናገር እንድናውቅ አድርጋለች።

በዚህ ግስ ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ፤ አማርኛ ለታዳጊ ልጅ መሸሸጊያ የሚሰጠው እዚህ ላይ ነውና። «ብርጭቆው ተሰበረ»፣ «በጉ ጠፋ»፣ «ጠብ ተፈጠረ»፣ «ሰዓቱ ረፈደ»። ማን ሰበረ? ማን ነበር የሚጠብቀው? ማን ቀድሞ ገፈተረ? በ«ተ» የሚጀምሩትንና እንደ «ጠፋ» እና «ረፈደ» ያሉትን ግሶች በሙሉ አስምሩበት ብላችሁ ረቂቁን መልሱላቸው፤ ከእያንዳንዱ ጎን «ማን?» ብለው ይጻፉ። መልሱ «እኔ» የሆነበት ቦታ ሁሉ ግሱ ይቀየር። ይህን ያህል ቀላል ልምምድ ይህን ያህል ለውጥ ሲያመጣ በሌላ ቦታ አይታይም። «እኔ» የሚለውን ቃል ግን በየዓረፍተ ነገሩ እንዲደጋግሙት አይደለም፤ «ሰበርኩት» ሲል «-ኩ» እኔን ይዟል። ቃሉ ለአጽንኦት ይቆይ። «ሄድኩ» ወይስ «ሄድሁ» የሚለውም አያጣላን፤ ሁለቱም ያስኬዳል፣ በአንድ ድርሰት ውስጥ ግን አንዱ ብቻ።

ሌላው የአማርኛ ጣጣ «ተነሥቼ፣ ታጥቤ፣ ቁርሴን በልቼ፣ ደብተሬን ይዤ፣ በሩን ከፍቼ፣ አባቴን አይቼ፣ ደንግጬ ቆምኩ» የሚለው ሰንሰለት ነው። መንገድ ለማሳለፍ ይህን የመሰለ መሣሪያ የለም፤ ሁለት ሰዓትን በአንድ መስመር ያሻግራል። ዋናው ነገር ሲደርስ ግን ሰንሰለቱ መበጠስ አለበት። «በሩን ከፈትኩ። አባዬ መደቡ ላይ ተቀምጧል። ደብተሬ እጁ ላይ ነው።» ሦስት አጭር ዓረፍተ ነገር፤ ሦስት እይታ። ለልጆቹ ሲነገር እንዲህ ቢሆን ይገባቸዋል፦ መንገዱን በ«-ቼ» እለፉት፣ ስትደርሱ በአራት ነጥብ ቁሙ። ሁሉንም ዓረፍተ ነገር በ«ነበር» የሚዘጋ ልጅ ካለም የመጀመሪያውን ያቆይና የቀረውን ይቁረጥ፤ ነገሩ ያለፈ መሆኑን አንድ ጊዜ አውቀናል።

ንግግር ላይ ደግሞ ቋንቋችን ለጋስ ነው። ሰው የተናገረውን እንደተናገረው አስቀምጠን «አለ» ማለት እንችላለን። ልጆቹ ግን ትእምርተ ጥቅስ ስለማያደርጉ «አባቴ አልሄድም አለ» ሲሉ ማን እንደማይሄድ ይጠፋል። ጥቅሱ ይግባ። አንድ ሰው ከአንድ ትንፋሽ በላይ አያውራ፤ ቤት ውስጥ ማንም በአንቀጽ አያወራም። አጠራሩም የቤቱ ይሁን። እናቱን ቤት ውስጥ «እቴቴ» ወይም «እማዬ» የሚል ልጅ ድርሰት ላይ «ውድ ወላጅ እናቴ» ካላት ሌላ ሴት ሆና ቀረች። አያቱን አንቱ የሚል ከሆነ እስከ መጨረሻው አንቱ ይበል፤ «አያቴ መጡና ነገረኝ» የሚለው በየደብተሩ ያለ ስሕተት ነው፤ ልጁ አክብሮቱን በመሃል የሚጥለው ነገሩ ሲሞቅበት ነው። የሰፈር ቃል ከመጣ እንዳትሰርዙት። መምህሩ ካላወቀው ይጠይቅ፤ ልጁ ደስ ብሎት ያስረዳል።

ስለ መልክዓ ምድር አጭር ነገር። የመንዙም ልጅ የሸዋ ሮቢቱም ልጅ «ፀሐይ ከምሥራቅ ብቅ ስትል፣ ወፎች ሲዘምሩ» ብለው ይጀምራሉ። በመንዟ መሐል ሜዳ ከተማ ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ከእግር ሥር ይንኮሻኮሻል፤ ልጅ ባና ተከናንቦ ኩበት ጭስ ሥር ይቀመጣል። ጣርማበርን ተሻግሮ፣ ደብረ ሲናን ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲደረስ የዚያው ቀን ጠዋት ሹራብ ያስወልቃል። ሁለቱ ጠዋቶች በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊነገሩ አይችሉም። ጥያቄው «እግርህ ምን ረገጠ? አፍንጫህ ምን ሸተተው?» ከሆነ ወፎቹ በራሳቸው ጊዜ ይበራሉ።

ስሜትም ላይ ያው ነው። «በጣም አዘንኩ»፣ «በጣም ተደሰትኩ» ባለበት ቦታ «ያኔ እጅህ ምን ያደርግ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። «ሆዴ ባባ»፣ «ልቤ ድንግጥ አለ» ቆንጆ አማርኛ ነው፤ በአንድ ድርሰት አንድ ጊዜ ይፈቀድ። ሁለተኛው ሲመጣ ገለባ ይሆናል።

ረቂቁ ሲያልቅ ሁለት መሸፈኛ አለ። የመጀመሪያውን አንቀጽ በእጃችሁ ሸፍኑና ከሁለተኛው አንብቡ። ታሪኩ ከገባ፣ የመጀመሪያው ይውጣ፤ ብዙ ጊዜ ይወጣል። ከዚያ የመጨረሻውን አንቀጽ ሸፍኑ። «ከዚህ የተማርኩት» ያለው እዚያ ነው። ይህን ማስወጣት ከሁሉ ይከብዳል፤ ምክር የሌለው ታሪክ ያላለቀ ይመስላቸዋል፣ አንዳንድ መምህርም ነጥብ የሚሰጠው ለሱ ነው። ስለዚህ አትከራከሩ። «የመጨረሻው ነገር የታየ ወይም የተሰማ ይሁን» የሚል አንድ ሕግ ስጡ። «ተርፎኛል አልኳት» የተሰማ ነው።

አሁን ከባዱ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በአጣዬ፣ በሸዋ ሮቢትና በአካባቢያቸው የደረሰውን በዓይናቸው ያዩ፣ ቤታቸው የተቃጠለ፣ ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን የከረሙ ልጆች ዛሬ ክፍላችን ውስጥ ተቀምጠዋል። «ከባዱን ቀን ጻፉ» ብሎ ማዘዝ ተገቢ አይደለም። ጠባሳም ብላችሁ ስትጽፉ «ከፈለጋችሁ» የሚለው አብሮ ይነገር፤ ለዚህ ነው መነሻው ስምንት የሆነው። ልጁ ራሱ መርጦ ከጻፈው ደግሞ አታስቁሙት። ሕጉ ግን ከመጀመሪያው ቀን ሰሌዳ ላይ ይሁን፤ ጥግ የታጠፈ ገጽ ለማንም ጮክ ተብሎ አይነበብም፣ ጓደኛም አያየውም፣ መምህሩ ብቻ ያየዋል። ሁለት ጊዜ የታጠፈውን መምህሩም አያነብም፤ መጻፉን ብቻ አይቶ ነጥብ ይሰጣል። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ላይ የፊደል ግድፈት አይታረምም። የሚጻፈው መልስ «አንብቤዋለሁ፤ ስላካፈልከኝ አመሰግናለሁ» ነው፤ ከዚያ በኋላ ለብቻው ጠጋ ብሎ «እንዴት ነህ?» ማለት።

አንድ ሚስጥር ግን መያዝ አይቻልም፤ ይህም ቀድሞ ይነገራቸው። ልጁ ወይም ልጅቱ አደጋ ላይ ካሉ፣ ከ18 ዓመት በታች ሆና ጋብቻ እየተዘጋጀላት ከሆነ፣ የሚመታት ወይም የሚያስቸግራት ሰው ካለ፣ መምህሩ ዝም ማለት አይችልም። ከልጅቱ ጋር ተነጋግሮ፣ ርእሰ መምህሩን ይዞ፣ ወደ ወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ወይም ወደ ፖሊስ ይኬዳል። ይህን ሳትነግሯቸው አስጽፋችሁ ኋላ ላይ ብትናገሩ፣ ከዚያ ክፍል ሁለተኛ እውነት አታገኙም።

ገመና የሚባለውም ነገር አለ። ወላጅ «ቤታችንን አደባባይ አወጣኸው» ቢል አይፈረድበትም። የሌላ ሰው ስም ይቀየር። የአባት ስካር፣ የእህት ነገር የሌላ ሰው ገመና ነው፤ ልጁ ስለዚያ ማታ ሊጽፍ የሚችለው እሱ የቆመበትን ቦታ፣ የሰማውን ድምፅ፣ ያደረገውን ነው።

ስለ ነጥብ። ከ20 ከሆነ እኔ እንዲህ እከፍለዋለሁ፦ አንዲቱን ሰዓት ማሳየቱ 6፣ ጥርት ያለ ዝርዝር 4፣ ንግግርና ግስ 3፣ ፊደልና ሥርዓተ ነጥብ 2፣ በረቂቁና በመጨረሻው መካከል ያለው ለውጥ 5። ይህ 5 ከቴሌግራም የተገለበጠ ድርሰትን ዋጋ ያሳጣዋል፤ የተገለበጠ ነገር ረቂቅ የለውም፣ «ማን ነበር ያሰረው?» ሲባልም መልስ የለውም።

ጊዜው እንዴት ይበቃል? 60 ልጅ ባለበት ክፍል ለእያንዳንዱ 5 ደቂቃ ቢሰጥ 5 ሰዓት ነው፤ አራት ክፍል ለሚያስተምር 20 ሰዓት። አይቻልም። ስለዚህ ረቂቁን ሁሉ አታንብቡ። ልጁ የደከመበትን አምስት መስመር በሳጥን ይክበብ፤ መምህሩ ያችን ብቻ አንብቦ አንድ ጥያቄ ይጻፍ። በአንድ ደቂቃ ያልቃል። ሙሉው የሚነበበው የመጨረሻው ቅጂ ነው፤ አራቱን ክፍል በአንድ ሳምንት ከመሰብሰብ ሁለቱን በዚህ ወር፣ ሁለቱን በሚቀጥለው።

የመጨረሻው ቅጂ ሉክ ላይ በአምስተኛው ክፍለ ጊዜ ይገለበጣል። ጮክ ብሎ የሚያነብ ካለ ፈቃደኛ ብቻ ይሁን፤ በቀን ከአራት አይበልጡ። የሚስቅ ልጅ አይጠፋም፤ ሳቁ ብዙ ጊዜ «እኔም ቤት ይህ አለ» ከሚል ድንጋጤ የሚመጣ ነውና ከማውጣት ይልቅ ቀጣዩን ጥያቄ እሱ እንዲጠይቅ አድርጉት፤ በ«የት»፣ በ«ምን» ወይም በ«ማን» የሚጀምር። ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከመለጠፉ በፊት ጸሐፊው ይጠየቅ። እምቢ ካለ ወረቀቱ ይመለስለት፤ ነጥቡ አይቀነስም።